ሁለቱ ራሞች

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ኪሉንግ ይዘንባል፤
የዪንጁ ኮምፒውተር በርቶ ይጠፋል።
ሰማያዊ ስክሪን፣ ደቂቃ ሳይሞላ፣
ትናንት አንድ ስህተት፣ ዛሬ ደግሞ ሌላ።

ዊንዶውስን ከሰሰች፤ አጥፍታ ጫነችው።
ፓወር ሰፕላዩንም በውሰት ቀየረችው።
ቀሩ ሁለት ራሞች፦
አንዱ ከነካርቶኑ፣ አንዱ ያገለገለ፣
መጠኑም ፍጥነቱም ከዚያኛው እኩል ነኝ ያለ።

ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ ወልውላ
ለየብቻ ሰካች፤ አራት አራት ዙር ፈተሸች፤
እንከን የላቸውም።
ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን
ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ።

ሳቋ መጣ።
እናቷም ለብቻዋ፣ አባቷም ለብቻው ማር ነበሩ፤
አንድ ጣራ ሥር ሲገቡ ግን መረሩ።

ባዮስ ገባች። ካርቶኑ የፎከረበትን ፍጥነት
ከሦስት ሺህ ስድስት መቶ ወደ ሦስት ሺህ አወረደችለት፤
ቮልቴጁን ቅንጣት ታህል ጨመረችለት።

አንድ ዙር አለፉ። ሁለት። ሦስት።
ነጋ። ወደቡ ላይ መርከብ ጮኸ።
ዪንጁ ግን ገና አላመነች፦
ብሎኖቹ በአኩሪ አተር ስጎ ሳህን ውስጥ እንደተቀመጡ ናቸው፤
ክዳኑን የምትገጥመው ነገ ማታ ነው፣
ካልተጣሉ፣
ካደሩ ተስማምተው።