አሥራ አንድ ሰከንድ

ልነቅለው ነው የመጣሁት፣ ከፖርቶ ሌሊቱን ስነዳ አድሬ፤
ውሉ ተፈርሟል፤ አዲሱን ኮምፒውተር ከነሳጥኑ አስሬ።
ኮቪልያ፣ ከተራራው ሥር፣ ሱፍ የሚቀለምበት ቤት፣
ግድግዳው ቀለም የጠጣ፣ ወለሉ የእንፋሎት ላቦት፤
እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣
ቁልፎቹ በላስቲክ ተሸፍነው፣ ብናኝ ለብሶ አካሉ፤
ጥቁር ገጽ፣ አረንጓዴ ፊደል፣ ብልጭ ድርግም የምትል ጭረት፤
ማውዝ የለው፣ መስኮት የለው፣ አያውቅም ኢንተርኔት።
ሲስተሙ በአንዲት ዲስኬት ያልቃል፤
አንድ ጋን፣ አንድ ሙቀት ይጠብቃል፤
ሌላ ቢያዙት አይሰማም፤ የጀመረውን ይጨርሳል።

«ደረሰኝ እንኳ አያትምም» አልኳት፣ «ሱፍ እየነከረ፤
አንድ ሥራ ብቻ የሚሉት ነገር፣ እሱማ ዱሮ ቀረ።
ሁለት ባላ መትከል ነው እንጂ፣ አንዱ ቢሰበር...»
                    ዴኦሊንዳ አላስጨረሰችኝም፤
«ሁለት እግር አለኝ ብሎ፣ ሰው ሁለት ዛፍ አይወጣም።
ያንተን ዓይነት አየሁት፣ ጎረቤት ፋብሪካ የገባውን፤
ዘጠና ስምንት ዲግሪ ላይ፣ ጋኑ ሲንተከተክ፣
‹ራሴን ላድስ› ብሎ አጠፋ ፊቱን።
አራት መቶ ኪሎ ሱፍ፣ ለጳጳስ ካባ የታዘዘ ወይን ጠጅ፣
ወጣ እንደ ጉበት ጠቁሮ፣ ለውሻ ምንጣፍ የማይበጅ።»

ዝም አልኩ። እውነት ነው። ግን እኔም የሙያ ሰው ነኝ፤
አብሬው አመሸሁ፣ አደርኩ፣ ጠባዩ እስኪገባኝ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ መዝገቡን ዲስኬት ላይ ሲጽፍ፣
አየሁት ሌላውን ሲረሳ፤ ሙቀቱ ቢወርድ፣ ቢያልፍ።
ኪርርር... ኪርርር... ይላል ዲስኬቱ፣
ለአሥራ አንድ ሰከንድ ዕውር ነው፤ ጋኑ የለም በፊቱ።

ያን ጊዜ ዴኦሊንዳ ትነሣለች፣ ሳትሮጥ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ
(ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ፍየል ዐይብ ዋጋ)፤
መዳፏን ቱቦው ላይ ታሳርፋለች፣ ጨርቅ ጣል አድርጋ፤
ከንፈሯ ይቆጥራል። አሥራ አንድ። ትቀመጣለች ተመልሳ፤
ከየት እንዳወቀች አልጠየቅኳትም፤ መዳፏ ላይ አለ ጠባሳ።

ለካ ይሄ አንድ ሥራ ብቻ የሚያውቅ፣ እስከዛሬ የሠራው
ሁለተኛው ሥራ እሷ ሆና፣
ሁለተኛው ባላ እሷ ሆና ነው።
በየትኛውም ሰነድ አልሰፈረም፤ በደመወዟም የለም።

ዓርብ ጡረታ ትወጣለች። ኬክ ታዟል።
ሳጥኑን ሳልፈታ፣ ገመድ በእጄ፣ ቆሜያለሁ፤
አዲሱ ራሱን ሲያድስ ማን ቱቦውን ይነካል?
አሮጌው ዲስኬቱን ሲፍቅ ማን ይቆጥራል?

ኪርርር...
«ና» አለችኝ፣ ጨርቁን ወርውራ፣ «እጅህን ወዲህ አምጣ።»
ቱቦው ያቃጥላል።
«አንድ በል።»