ያልቀላ ዓይን

«ይታይሽ አንለይ!» ብዬ ስጣራ ከበሩ፣
ልጇ እጇን ይዟት መጣች በኮሪደሩ።
ስሟን በመጥራቴ የሰደብኳት ያህል አፈርኩ፤
እሷ ግን ሳቀች፤ እኔ ወረቀቴን አገላበጥኩ።

የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ «የዛላ ብናኝ ነው» አለችኝ፣
«ይተወኛል ስል፣ ስል፣ ሁለት ቅዳሜ አለፈኝ»።

ዓይኗ ግን አልቀላም። መግል የለው፣ አላበጠ፤
አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ፣ ከብሌኑ ጠርዝ የተቀመጠ።
ለኩላሊቷ ብላ ዓመት የዋጠችው ክኒን
አስተኝቶባት ኖሯል የገላዋን ዘበኛ፣ ያን ጯሂውን።
ሌባ ገብቶ «ኡኡ» የማይባልበት ግቢ ሰላም ይመስላል፤
መቅላት ጩኸት ነበር፤
ጩኸት የሌለው ዓይን ያታልላል።

ሐኪሙ አደንዝዞ በመርፌ ጫፍ ጫረልኝ፣
ከሰናፍጭ ቅንጣት ያነሰች ናሙና ሰጠኝ።
ገሚሷን መስታወት ላይ ቀባሁ፣ በሐምራዊው ቀለም ነከርኩ፣
አጠብኩ፣ ቀዩን ደረብኩበት፣ አጎነበስኩ።
እዚያ ነበሩ፤ ቀጫጭን፣ ሮዝ፣ ዘንግ የሚመስሉ፣
በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ እንደ ገበያ ተገፋፍተው ያሉ።

ገሚሷን በበግ ደም ላይ ዘራሁ፤ ማሞቂያው ውስጥ አስገባሁ፤
መብራት ሄደ።
ናፍጣ ፍለጋ የኛን ዘበኛ ከእንቅልፉ ቀሰቀስሁ።

በሦስተኛው ቀን ሳህኑ አረንጓዴ ለበሰ።
የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለየሁ፤ ልቤ ግን አልተመለሰ።

ለሐኪሙ ጻፍኩ፦ «ባክቴሪያ ነው፤ በርበሬ አይደለም»።
ከደጅ ጠየቀችኝ፦ «ታየህ?»
«ታየኝ» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም።
እሷ ይታያት እንደሆን፣ ያን መስታወቴ አያውቅም።