ያፈርሁበትን ለአፈር

ከተምጫ ወንዝ ማዶ፣ ከደምበጫ በታች፣
አንዲት ቀጭን ቦይ ናት እኔን ከውብአንች የለየች።
ውኃው በየተራ፣ ኩርፊያውም በተራ፤
የሐበሻ ሽንኩርት ነው የሁለታችን ሥራ።

አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር ደንቤ፦
መጋቢት ሲነቀል ሁሉን ሰብስቤ፣
ድምቡሽ ድምቡሹን ራስ በጆንያ አስሬ
ለቅዳሜ ገበያ በአህያ አሻግሬ፣
የተረፈውን፣ የሾለውን፣ የቀጨጨውን፣
መንታ አንገት ያወጣውን፣ ነጋዴ የጣለውን፣
«ይኼ ለዘር ይሁን» ብዬ ቆጥ ላይ እሰቅላለሁ፤
አፈር መቼ ያያል? አፈር ምን ያውቃል? እላለሁ።

ዘንድሮ ከአምና አነሰ፤ አምናም ከካቻምና።
እንቁላል ያህል የነበረው ጥፍሬን አከለና
ዓይን ገባበት አልሁኝ፣
ውኃ አነሰው አልሁኝ፣
ከላይ ያለው ባሕር ዛፍ ምንጩን ጠጣው አልሁኝ።
(ይኼኛውስ እውነት ነው፤ የተከልሁት ግን እኔው ነኝ።)

ዩሪያ ጨመርሁለት፤ አልበቃ ሲለኝ ደገምሁ፤
ቅጠሉ ጉልበቴ ሲደርስ በመንገደኛ ፊት ኮራሁ።
ስነቅለው አንገቱ እንደ አውራ ጣቴ ወፍሮ፣
ከታች ያለው ራስ ውኃ ብቻ ቋጥሮ፤
ቆጥ ላይ በሰኔ አላበው፣
በሐምሌ ሸተተን፣
በነሐሴ ሚስቴ በአካፋ ዝቃ ደጅ ደፋችው።

አንድ ሌሊት፣ ጥር ማለቂያ፣ ተራው የውብአንች ሆኖ ሳለ፣
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣ ዶማዬ ቦይ ሊሰብር እንዳለ፣
ከጨለማው ውስጥ ድምጿ፦ «አንሙት፣ ምን ያንበረክክሃል?
ተራዬን ውሰደው። የእኔው ውኃ ጠግቧል።
ቅጠሉ ተኛ፤ የተኛ ሰው ጠጣ አይባልም።»
ሞኝ ናት አልሁ በልቤ። ውኃውን ግን አልመለስሁም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ የእሷን ሲነቅሉ አየሁ።
ሲጋጭ ይንኳኳል እንደ ጠጠር፤
ልብሱ ሦስት ድርብ፣ አንገቱ ቀጭን ክር።

ቦዩን ተሻገርሁ።
አልመከረችኝም። እኔም ምክር አልጠየቅሁም።
ቅርጫቷን ደጃፏ ላይ ዘረገፈችና
«ለዘር የምትሆን አንድ ምረጥ» አለችኝ።
እጄ፣ ልማዱ ነውና፣
ከግርጌ ባቄላ የምታህል አነሣ።
ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች፤
«ለአፈር የምትሰጠው ያፈርህበትን ነዋ!»
ከዚያ ወዲያ ዝም አለች።

ሌሊቱን ያች ቃል ጎኔን ስትወጋኝ አደረች፤
ትልልቁን ራስ ስሸጥ፣ ራሴን ሸጥሁ ለካ።

ማሳዬን ሁለት ዓመት ሽንኩርት ከለከልሁት፤
ባቄላ ዘራሁበት፣ በጤፍ አሳረፍሁት።
የበረቱን ፍግ ጥሬውን አልበተንሁም፤
ጉድጓድ ገብቶ ከርሞ፣ ሽታው ጠፍቶ፣
በመዳፌ ስይዘው አፈር አፈር ብሎ።
ከውብአንች አንድ ቁና ራስ ተበደርሁ፣ ሁለት ልመልስ፤
ትልልቁን ነው የሰጠችኝ፣ እጄ እየፈራ።
ኅዳር ላይ በአራት ጣት እየለካሁ፣
ጫፉ ብቻ ብቅ እንዲል፣ አንድ በአንድ ተከልሁ።
ቅጠሉ የተኛ ለት
እጄ ወደ ዶማው ሄዳ፣ መንገድ ላይ ተመለሰች።

አንዷ ራስ አምስት ሆነች። ስድስት የሆነችም አለች።

ነጋዴው አቻምየለህ በአይሱዙ መጣ።
ጆንያውን ጭኖ ሲያበቃ ዓይኑ ቆጡ ላይ ወጣ፦
«ያንን ጨምርልኝ፤ ዋጋውን አንተው ጥራ።»
ልጄ ይታይሽ ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ገብታ
የሁለት ወር የቤት ኪራይ አለባት።
ግማሹን ሸጥሁ። አልዋሽም።
ሲመዘን ወደ ቦዩ ማዶ አላየሁም።

የቀረውን ነፋስ በሚገባበት ሰቀልሁት።
ነሐሴ ሲሆን፣ ዝናቡ ጣራ ሲደበድብ፣
ሚስቴ እንደ ልማዷ አካፋ ይዛ ወጣች፤
ነካካችው፣ አሸተተችው፣
አካፋውን ግድግዳ አስደግፋ ገባች።