ሁለት መቶ ዐሥር ግራም

ላሞቹ ከተሸጡ ሦስተኛው ክረምት ነው፤
ጋጣው ግን ዛሬም ወተት ወተት ይላል።
የፍሪስላንድ ነፋስ በበሩ ሥር ሾልኮ
የቱቦ ቁራጭ ያንከባልላል።
ማለቢያው ከቆመበት፣ ከሲሚንቶው መሃል፣
ሁለት ሜትር ከሩብ ጄት ተጋድሟል።

አባቴ ዊብረን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
እጁን እስከ ክርኑ ከሆዱ ውስጥ ከቶ፣
ጥጃ እንደሚያዋልድ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ
በጣቱ ያያል፣ ትንፋሹን ገትቶ።
«ክላምፑን።» እሰጠዋለሁ።
«ይሄ አይደለም፣ ትንሹን።» ትንሹን እሰጠዋለሁ።
ከአፉ የሚወጣው ይኸው ነው ሌሊቱን፤
የጫናቸው መኪና ሲታጠፍ ያየውን
አንድም ቀን አላነሣም፤ እኔም አልጎረጎርኩም።

ሞተሩ ከሻይ ፔርሙዝ አይበልጥም፤
ግን በደቂቃ መቶ ሃያ ሺሕ ጊዜ ሲዞር
አንዲት ብሎን፣ አንዲት የጨርቅ ክር
ከመንገዱ ብትገኝ ይቅር አይልም።
ስለዚህ ወለሉን በማግኔት ጠረግን፣
ኬሮሲኑ ላይ አምስት በመቶ ዘይት አደረግን፣
ከዋናው ታንክ ቀጥሎ ትንሿን ታንክ አሰርን፣
አየር የምታስቀር፤ እሷን ከዘነጋን፣
አንዲት አረፋ ካለፈች፣ እሳቱም አለፈ።

የማረፊያ እግሮቹ በአየር ግፊት ናቸው።
ማታ ሰባት ባር ሞልተን፣ ጧት አምስት አገኘናቸው።
አንድ ቦታ ይተነፍሳል። የሳሙና ውሃ ቀብተን፣
ጆሯችንን ደቅነን፣ ሦስት ሌሊት አሳደድነው፤
ከግራው እግር ቫልቭ ሥር አንዲት የጎማ ቀለበት፣
ምስር ክክ የምታህል፣ ተሰንጥቃ አገኘናት።

ከዚያ ሚዛን መጣ።
ክንፉን በሁለት ሁለት ጣት፣ እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣
ከፍ ብናደርገው ጭራው ወረደ፣ አፍንጫው ኮራ።
«ሁለት መቶ ዐሥር ግራም ይጎድለዋል» አለ።
እርሳስ ነበረ፤ ስኔክ ድረስም ሃያ ደቂቃ ነው።
እሱ ግን ወደ ወተት ክፍሉ ገብቶ ቆየ፤
ሲመለስ መዳፉ ላይ የነሐስ የሚዛን ድንጋዮች፣
አንድ መቶ፣ ሌላ መቶ፣ አንዲት ዐሥር፣
አያቴ ሃርመን ቅቤ ሲሸጥ የመዘነባቸው።
ጠርዛቸው ተበልቷል፣ ቁጥራቸው በጣት ብዛት ደብዝዟል።
«ልክ ናቸው?» አልኩት።
«አባቴ» አለ ቆጣ ብሎ፣ «የሰው ሳንቲም ነክቶ አያውቅም።»

የወጥ ቤቱን ዲጂታል ሚዛን አመጣሁ።
ሁለት መቶ አራት።

አባቴ ቁጥሩን አየ። ድንጋዮቹን ገለበጠ። ደግሞ አየ።
የመቶዋ ሆድ በመሮ ተቦርቡሮ፣ በሰም ተደፍኗል።
«ስድስት ግራም» አለ። «ለአርባ ዓመት። ለመንደሩ ሁሉ።»
ከዚያ ሣቀ፤ ጋጣው ሲያስተጋባ፣ ወንበር እስኪፈልግ፣
ዓይኑን በዘይታም እጁ እስኪጠርግ።
ሁለት ብሎን ጨመርን። የአያቴ ዕዳ
በጄት አፍንጫ ውስጥ፣ በሙጫ፣ ተከፈለ።

እሑድ ጧት፣ ሜዳው ላይ፣ በሁለት ቦይ መካከል፣
ማጥፊያውን ታቅፌ ዝርዝሩን አነባለሁ፤ እሱ ይነካል።
«መሪ?» «ግራ፣ ቀኝ።» «ፍሬን?» «ይዟል።»
«ሬዲዮው ቢቋረጥ?» «ሞተሩ ይጠፋል።»
መጀመሪያ ፉጨት፤ ቀጥሎ የፓምፕዋ ቲክ ቲክ፤
ከጭራው ብርቱካናማ ምላስ ብቅ አለች፣
እጄ ማጥፊያው ላይ ጠበቀ፤
«ተያት፣ ትገባለች።» ገባች።
ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ ሜዳውን ሰነጠቀ፤
ከቦዩ ማዶ በጎቹ አንገታቸውን አቀኑ።

ነፋሱ ግን ከጎን ነበር።
ጄቱ አስፋልቱን ይዞ ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ሁለቴ፤
ዕዳውን ከፍሎ እንደሚመጣ ሰው አፍንጫው ዝቅ ብሎ።
«ዛሬ አይበርም» አለ፤ ጋዙን ወደ ታች ሳበ።

ቆመን ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። እኔ ሙቀቱን አነባለሁ፦
ሦስት መቶ። ሁለት መቶ ሃምሳ።
«ፎክያ» አለ፣ ዓይኑን ከሞተሩ ሳያነሣ፣
«ያቺ ቦቃዋ፣ ጆሮዋ የተቀደደው፣
መኪናው ላይ አልወጣም ብላ ነበር፤
እኔ ነኝ የገፋኋት።»
መቶ ሰማንያ። መቶ ሠላሳ።
እሱ ማውራቱን አላቆመም፤
እኔ ቁጥሩን ማንበብ ተውኩ።