እኔ ባይ

ሰንበት ወጣ። ቂርያት ጋት፣ ከሦስተኛው ፎቅ ወጥ ቤት፣
ኦሽሪት የወታደር ሸሚዟን ሳታወልቅ ተቀመጠች ፊት ለፊት።
«አሁን ልጅሽ አይደለሁም፤ ቀጣሪ ነኝ፤ አትሳቂ፤
እጅሽን ከጭንሽ አውጪ፣ ቀና በይ ስትጠየቂ።»

የመብራት ሂሳቡን ገልብጣ ከጀርባው አራት ቃል ጻፈች፤
ሁኔታው፣ ድርሻሽ፣ ያደረግሽው፣ ውጤቱ፣ ብላ አሰመረች፤
«ታሪክሽ ሁሉ በእነዚህ በአራቱ በር ይግባ» አለች።
ቃለ መጠይቁ ረቡዕ ነው፤ ለሌሊት ፈረቃ አለቃ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት እርጎ ሳሽግ በኖርኩበት ፋብሪካ።

«ከባልደረባሽ ጋር የተጋጨሽበትን ቀን አስረጂኝ።»
ራይሳ ናት። ጋሪዬን «የእኔ ነው» ብላ ገፋችኝ።
ሦስት ሌሊት ተኳረፍን፤ በአራተኛው ኪያር ከተፍኩ፣
ጨው ነሰነስኩ፣ ግማሹን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩ።
«ውጤቱስ?» አለች ልጄ፣ እስክሪብቶዋን ደቅና።
ውጤቱ? በላች። ስትሞት ለቀብሯ ሄድኩ፣ በዝናብ። ሌላ ምን አለና?

«ድክመትሽስ?»
ጉልበቴ፣ ደረጃ ስወጣ። «እማ፣ እንደሱ አይባልም፤
ድክመት የሚመስል ጥንካሬ ንገሪያቸው።»
አይ ቅኔ! ሰሙ ድክመት፣ ወርቁ ጉራ፤ እኔ ይህን አልተማርኩም።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰው የመራሽበት ጊዜ» አለች፤
«ሱዳንን ንገሪያቸው። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ወንድምሽን አዝለሽ።»
ዐይኗ በራ፤ አራቱም ሣጥን ባንዴ ሲሞላ ታያት።
እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰድኩ።
እሱ ለፈረቃ አይሸጥም።
እሱ ሁኔታ አይደለም፤ ድርሻ የሚሉት አልነበረው፤
ውጤቱንም እስከ ዛሬ አላወቅነው።
ዝም አልን። ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል።

«እሺ» አለች፣ «እሺ። የእርጎውን በይ።»

ባለፈው ክረምት ነው፤ ሦስተኛው መስመር፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ክዳኑ ላይ የሚታተመው ቀን ወሩን ስቷል።
«መስመሩን አቆምን» አልኩ፤ «ሣጥኑን ለየን፤ እንደገና አተምን።»
«ማን ነው ያቆመው?»
«እኛ ነና።»
«ስንት ሆናችሁ ነው አንድ ቁልፍ የተጫናችሁ?
እኔ በይ እማ። እኔ።»

የአንድ ፊደል ጉዳይ ነው፤ «ን»ን ነቅሎ «ኩ»ን መትከል፤
በዕብራይስጡም ያው ነው፤ «ኑ»ን ሸኝቶ «ቲ»ን መቀበል።
ግን ምላሴ እደጃፉ ደርሶ ይመለሳል።
እናቴ ራሱን የሚያሞግስ ሰው ስትሰማ
«ምነው፣ ጎረቤት የለውም?» ትል ነበር።
ባደግኩበት ቤት እኔ ባይ ስድብ ነው።
ልጄ በይ ትለኛለች፤ ለጆሮዬ ባይ ሆኖ ይደርሳል።

እሷ ተኛች። ሳህን ሳጥብ ያቺ ደቂቃ ተመለሰች።
ቀዩ ቁልፍ። ጣቴ። ከዚያ የማሽኑ ዝምታ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰምቼው የማላውቀው።
ሃያ ሁለት ሰው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲያየኝ፤
አለቃው በስልክ «ማን ነው? ማን ነው?» እያለ ሲጮኽ፤
ታንያ ጓንቷን ስትመረምር፣ ዳምጠው የጫማውን ክር፤
አንድ ሰው እንኳ ግማሽ ርምጃ ወደ እኔ አልቀረበ።
እኛ የሚባል ሰው በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበረም።
እሱ የመጣው ሲነጋ ነው፣ ልክ መሆኔ ሲታወቅ።

ለካ «ኩ» የጉራ ብቻ አይደለችም፤
ብቻን የቆሙበት ፍርሃትም መጨረሻው «ኩ» ነው።

ረቡዕ። ከልጄ ጥቂት የምትበልጥ ልጅ ወረቀቴን አየችና
«አንቺ» አለችኝ፤ ዕብራይስጥ አንቱ አያውቅም፤ አልተቀየምኳትም።
«ንገሪኝ» አለች።
«አንድ ሌሊት» አልኩ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሦስተኛውን መስመር
አቆምኩ።»

እጄ ከጭኔ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤
አንዲቱ ጣት ወደ ታች ተጭና።