የእርሳስ ጽሕፈት

ፔላጊያ ቢላዋውን ከአልኮል አወጣች፣
ጓንቷን ሳብ አድርጋ መብራቱን አበራች።
ከበረዶው ሣጥን ሁለት ሳልሞን ወጡ፣
አንድ ባሕር በልተው ከየፊናው የመጡ።

አንዱ የገንዳ ልጅ፣ በፍርፋሪ ያደገ፣
ምልክት ይሁን ተብሎ ክንፉን የተነፈገ።
ሌላው የጠጠር ልጅ፣ ማንም ያልቈጠረው፣
ከወንዙ በረዶ ሥር ብርድ አቅፎ ያኖረው፤
አክስቷ አግራፊና ከመረቧ ፈትታ፣
ለትንሿ አውሮፕላን አብራሪ ሰጥታ
«ለልጄ አድርስልኝ» ብላ የላከችው።

መዝገቡ ላይ ጻፈች፦ ክብደት፣ ርዝመት፣ ፆታ፣
ዕድሜውን ከጆሮው ድንጋይ ላይ አስልታ።
(በዓሣ ጆሮ ውስጥ ድንጋይ እንደሚኖር፣
እንደ ግንድ ቀለበት ዓመት እንደሚቈጥር፣
እዚህ ቤት ሳትቀጠር አታውቅም ነበር።)
የገንዳው ልጅ ድንጋይ መስመሩ እኩል ነው፣
ሙቅና ቀዝቃዛ ውኃ በሰዓት የጻፈው፤
የወንዙ ልጅ ድንጋይ የተንጋደደ ነው፣
ረኀብ የሳበው፣ ጎርፍ የሰረዘው።

በእኛ አፍ ሁለቱም እርሳስ ነው ስማቸው፣
በጣቷ የያዘችው፣ በጉበቱ የምትሻው።
የመጀመሪያውን ላጲስ ያጠፋዋል፤
ሁለተኛው ግን
ዓሣው ሞቶ፣ ድብ በልቶት፣
ድቡም ጥድ ሥር ተኝቶ በስብሶ፣
ጥዱ ውስጥ ሳይፋቅ ያድራል።

ጉበቱን ቈረሰች የአውራ ጣቷን ያህል፣
አሲዱ አሟሟው፣ እስኪጠራ ድረስ እንደ ማለዳ ጠል።
ማሽኑ አጉረመረመ፣ ቍጥር ተፋ፦
ካድሚየም፣ አርሴኒክ፣ እርሳስ፣ ባዜቃ።
መዳቡ በገንዳው ልጅ በለጠ፤ ከቧንቧው ይሆናል።
ባዜቃው ግን እኩል ነው፣ ለነጥብ ታህል ፈሪ።
ባሕር ሲያበላ ክንፍ አይቶ አይለይም።
የአክስቷ ዓሣ ነጽቶ እንዲገኝ ተመኝታ ነበር።
(ሚዛን ለያዘ ሰው ምኞት ነውር ነው።)

ስልኩ ጮኸ። «የእኔስ እንዴት ነው?» አለች አግራፊና፣
የልጇን የፈተና ውጤት እንደምትጠይቅ እናት።
«ከተፈቀደው ልክ በታች ነው።»
«የማን ልክ?
በሳምንት አንዴ፣ ከሎሚ ጋር፣ በሹካ ለሚነካው?
ወይስ ከሰኔ እስከ ሰኔ ለምንበላው?»

ዓሣ ግማቱ ካናቱ ይላል ያገሬ ሰው፤
አግራፊና ይህን ተረት አልሰማችም፣
የወንዙን አናት ግን ታውቀዋለች፦
ባሏ ኒኪፎር አሥራ አንድ ዓመት ቀይ ድንጋይ የጫነበት፣
ኩባንያው በሩን እንኳ ሳይዘጋ ጥሎት የሄደው ጕድጓድ፣
ዝናብ በመጣ ቍጥር ዛሬም ዕዳውን ቍልቍል የሚልክ።

ፔላጊያ ዝም አለች።
«ለማንኛውም» አለች አክስቷ፣ «ጢስ ቤቱ ሞልቷል፤
የምሰቅለው ሌላ ዓሣ የለኝ።»

ማታ ሣጥኑን ስታጥብ፣ ከሥሩ
በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘች፦
ሦስት ዘለላ የደረቀ ሥጋ፣ ቀይ፣ ጢስ ጢስ የሚል፣
ጥጉ ላይ በእርሳስ ተጽፎ «ይኸኛው የሚመረመር አይደለም»።
እዚህ መብላት ክልክል ነው ይላል ግድግዳው።
ጓንቷን አወለቀች።
ሚዛኑ አጠገቧ ነበር፣ አሁንም በርቶ፣
ዜሮ ላይ እየጠበቀ።
ሳትመዝነው በላችው።