ተመላላሽ

አባቴ አናጢ ነው፤ ሂርማታ፣ ከገበያው ጀርባ፤
በር ይገጥማል፣ መስኮት፤ ዝናብ ወደ ቤት እንዳይገባ።
የዚያን ዓመት ነሐሴ፣ ወኪሉ ማታ ደውሎ
«ተነሥ፣ የዝውውሩ መስኮት ተከፍቷል» ብሎ፣
ሻንጣዬን ስዘጋ አባቴ መጣና ካጠገቤ
«መስኮቱስ ዋንዛ ነው ወይስ ጥድ?» አለኝ። ሳቅኩኝ ከልቤ።

ያኔ ሃያ ነበርኩ፤ በወረቀቴ ግን አሥራ ሰባት፤
የግራ ተመላላሽ። መስመር ይዞ መውጣት፣ መስመር ይዞ መግባት።
ሌላው ጎል ያገባል፤ ሌላው ጭቃው ላይ በደረቱ ይንሸራተታል፤
እኔ ግን እመለሳለሁ፤ ካልተመለስኩ መንገዱ ይከፈታል።

አንዱ ክለብ የስኳር ፋብሪካ ነበር፣ ሌሊቱ የሚያቃጥል፤
አንዱ የአምስት ወር ደሞዝ ይዞ «ታገሡ» ሲል፣ ሲያባብል፤
አንዱ ሳልለምደው ፈረሰ፤ ማሊያው ብቻ እጄ ላይ ቀረ፤
አንዱ ጀርባዬ ላይ «ሚስባ» ብሎ ጻፈ፤ «ህ»ን አስቀረ።
ጊቤን ስንት ጊዜ ተሻገርኩት፣ ቁልቁል ወርጄ ሽቅብ ወጥቼ፤
መስከረም ላይ ውል ፈርሜ ሄጄ፣ ሰኔ ላይ ስንብት ፈርሜ መጥቼ።

ክፍሎቹም አንድ ናቸው፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ ፎጣ፣
ትናንት የተሰናበተው ልጅ ሽታው ገና ያልወጣ።
የከተሞቹን ስም እረሳለሁ፤ ጉልበቴ ግን ያውቃል፤
አሸዋውን፣ ጭንጫውን፣ ጭቃውን ለይቶ ያስታውሳል።

አንድ ጎል አለችኝ በሕይወቴ፤ ላሻማ ብዬ የገባች።
በረኛውን ነፋስ አታለለው፤ ኳሷ እንዳፈረች ሁሉ
መረቡ ሥር ተኛች።

አሥራ አንድ ክለብ በአሥራ አራት ዓመት። ቆጥሬዋለሁ።
እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማሊያዎቹን በጨለማ አሰልፋቸዋለሁ፤
አንድ ሙሉ ቡድን። ሁሉም ግራ መስመር ላይ ይጋፋሉ፤
በረኛ የላቸውም፣ አጥቂ የላቸውም፤ ይመላለሳሉ።

አንድ ግንቦት ጅማ መጣሁ፣ በእንግዳ ማሊያ፤
አጂፕ በኩል አልጋ ያዝኩ፣ በገዛ አገሬ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያ።
ዝናቡ ከጅሬን ወርዶ ሜዳውን አዌቱ አድርጎታል፤
ሰማንያ አንደኛው ደቂቃ ላይ አሰልጣኙ «ተነሥ» ይለኛል።
ዘጠኝ ደቂቃ። ኳሷን አራቴ ነካሁ፤ ሁለቱ ውርወራ ነው።
ከጥላ ፎቅ አንዱ ጮኸ፤ «ያ የአባ ዲጋ ልጅ አይደል?»
«የትኛው አባ ዲጋ?» ብሎ ሌላው ጃንጥላውን ዘረጋው።
አባቴ አይመጣም ብዬ ነበር። ስወጣ አየሁት፣ በበሩ፣
ከዘበኛው ጋር ቆመው የላላ ማጠፊያ ሲመረምሩ።
«አየኸኝ?»
«አየሁህ። ብዙ ትመለሳለህ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።
እኔም አውቶቡሱ ሊነሣ ነበርና እቤት አልገባሁም።

አሁን እዚሁ ነኝ። ጉልበቴን ሆስፒታሉ በየሐሙሱ ያየዋል፤
ካርዴ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ «ተመላላሽ» ይለዋል።
ሳየው ሳቄ መጣ። ነርሷ ምን እንዳሳቀኝ አላወቀች፤
«ስምዎ ላይ ስህተት አለ?» ብላ እስክሪብቶዋን አነሣች።
«የለም» አልኳት፤ «ህ እንኳ አልቀረችም።»

ከሰዓት የብርጭቆ ወረቀት ይዤ የመስኮት እንጨት አሻለሁ፤
ቅዳሜ ሲመጣ ደሞዜን ከአባቴ እጅ እቀበላለሁ፤
አንድም ሳምንት አላሳለፈም። አሥራ ሁለተኛው ክለቤ ነው እላለሁ፤
እሱ አይስቅም።

ትናንት ስልኬ ጮኸ። ወኪሉ ነው፤ ድምፁ አላረጀም፤
«ድንበር አካባቢ አዲስ ክለብ አለ፤ ግራ መስመር ላይ ሰው የለም፤
መስኮቱ እሑድ ይዘጋል። ጉልበትህስ?» «ደህና ነው» አልኩት።
«ዕድሜህ?»
የያዝኩት መስኮት ገና መስታወት የለውም፤ ዝናቡን በእሱ አሻግሬ አየሁት።
«ሃያ ስምንት» አልኩ። ድምፄ አልተሰበረ።
መላጊያው መሃል እንጨት ላይ ቆመ፤
ፍቅፋቂው ሳይወድቅ ተጠቅልሎ ቀረ።